ረጅሟን ኳስ በእርሳስ የቆጠራት ሰው

ደብረ ማርቆስ ያደግን ልጆች ኳስ የጀመርነው በካልሲ ነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅና ፌስታል እንጠቀጥቅና በሲባጎ ጥርቅም አድርገን እናስራታለን። ያቺ ኳስ በኃይል ብትመታም ሩቅ አትሄድም፤ ትንሽ ተንከባልላ ቀጥ ትላለች። ስለዚህ ሳንወድ በግዳችን አጭር ቅብብል ተማርን። በአብማ በኩል በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሜዳ ላይ፣ አራት ድንጋይ ለጎል አስቀምጠን፣ ኳሷን ከእግር ወደ እግር እያቀባበልን እስኪመሽ እንጫወት ነበር። አንድ ለሁለት መቀባበልን ማንም አላስተማረንም፤ ያስተማረን የካልሲዋ ኳስ ጠባይ ነው።

እውነተኛ ኳስ ያገኘሁት የትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ስገባ ነው። መሐል ተከላካይ ሆንኩ። አሠልጣኛችን ስማቸውን ባልጠራም ብዙ ነገር ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ለእኛ ለተከላካዮቹ የሰጡን ትእዛዝ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ኳስ እግራችን ሥር ሳትቆይ ወደ ፊት እንድንጠልዛት። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠልዝ ኖርኩ።

ደብረ ማርቆስ ላይ መጠለዝ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ኳሷን የሚይዛት አየር ስለሚቀንስ ከታሰበላት በላይ ትጓዛለች፤ አጠማዝዤ ልምታት ቢሉ ደግሞ እንደ ቆላው አትታጠፍም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንዳይደረግ ከልክሎ እንደነበር የሚያስታውሱ ይኖራሉ። ብዙም ሳይቆይ ወሰኑን ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገው፤ በ2008 ደግሞ የእነ ቦሊቪያ ጩኸት ሲበረታ እገዳውን አቆመው። ማርቆስ ከመጀመሪያው ክልከላ ያመለጠችው በሃምሳ ሜትር ያህል ነበር ማለት ነው፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሊያደርግባት ያሰበ ባይኖርም!

እና የምጠልዛት ኳስ የእኛን አጥቂ አልፋ፣ የእነርሱን በረኛ አልፋ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ትገባለች። አሠልጣኛችን አይከፉም፤ እንዲያውም ያጨበጭባሉ። የከፋው ሌላ ሰው ነበር። ከእኔ ፊት የሚጫወት አንድ አጭር አማካይ ነበረን፤ በካልሲዋ ኳስ ዘመን ከሁላችን የሚበልጥ፣ ኳስ ሳያይ የሚያቀብል ልጅ። በዚያ ቡድን ውስጥ ግን ሥራው አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ከእኔ እግር ተነሥታ በራሱ ላይ የምታልፈውን ኳስ መሸኘት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት መለማመጃውን መልሶ ወጣ፤ ተመልሶም ኳስ አልተጫወተም። ዛሬ ነጋዴ ነው። በተገናኘን ቁጥር በሣቅ አስመስሎ ያነሣብኛል፤ ሣቁ ግን ሙሉ አይደለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ለረጅም ጊዜ ያንን ትእዛዝ የአሠልጣኛችን የግል ፈጠራ ይመስለኝ ስለነበር ነው። ኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛሁት አንድ የእንግሊዝኛ የእግር ኳስ መጽሐፍ ምክንያት የነገሩን ምንጭ መፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋው ያደረሰኝ ኳስ ተጫዋች ወዳልነበረ፣ አሠልጣኝም ወዳልነበረ ሰው ነው። ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር።

ቶሮልድ ቻርልስ ሪፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1904 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኮርንዎል ውስጥ ቶርፖይንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከወንዙ ማዶ ያለችው ትልቅ ከተማ ፕሊማውዝ ናት፤ ልጁም የፕሊማውዝ አርጋይል ደጋፊ ሆኖ አደገ። የሒሳብ ሥራ ተምሮ በ1928 የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል አዲስ ባቋቋመው የሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀጠረ፤ የመግቢያ ፈተናውንም በአንደኝነት ነው ያለፈው። አየር ኃይል ሲባል አብራሪ እንዳይመስላችሁ። የሪፕ ሥራ የደመወዝ መዝገብና የወጪ ሰነድ ነበር።

ሕይወቱን የቀየረው በ1933 የሰማው ንግግር ነው። በዚያን ጊዜ አርሰናል በታላቁ አሠልጣኝ በኸርበርት ቻፕማን ሥር እንግሊዝን ያንቀጠቅጥ ነበር። የቡድኑ ተጫዋች ቻርልስ ጆንስ ሪፕ ወዳለበት ጦር ሰፈር መጥቶ አርሰናል እንዴት እንደሚጫወት ለወታደሮቹ አስረዳ። ነገሩ ኳሷን በፍጥነት ወደ ፊት፣ በተለይ ወደ ክንፍ መላክ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን የአርሰናሉ የግራ ክንፍ ክሊፍ ባስቲን በሊጉ ብቻ 33 ጎል አግብቷል፤ ለክንፍ ተጫዋች ዛሬም ቢሆን የሚደነቅ ቁጥር ነው። ሪፕ ንግግሩን እንደ ስብከት ተቀብሎት ወጣ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ጦርነቱ አልቆ ሪፕ ወደ ስታዲየም ሲመለስ ያየው ነገር አናደደው። ክለቦቹ ከቻፕማን የወሰዱት መከላከሉን ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ፈጥኖ መሄዱን ትተውታል። ኳስ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ መሐል ሜዳ ላይ ትንቀዋለላለች።

ማርች 18 ቀን 1950፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስዊንደን ታውን ብሪስቶል ሮቨርስን ሲገጥም ሪፕ ተመልካች ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ አሰልቺ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ትዕግሥቱ አለቀና ከኪሱ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አወጣ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር የስዊንደንን እያንዳንዱን ጥቃት መቁጠር ጀመረ፤ ጨዋታው ሲያልቅ 147 ደረሰ። የእግር ኳስ የቁጥር ትንተና ዛሬ ኮምፒዩተርና ካሜራ ያሰማራ ትልቅ ገበያ ሆኗል። ከጥንስሱ አንዱ ግን ይህ የተናደደ የሒሳብ ሠራተኛ በዕረፍት ሰዓት ያወጣው እርሳስ ነው።

ማታ ቤቱ ገብቶ አሰላው። በአንድ ጨዋታ አንድ ቡድን 280 ያህል ጊዜ ያጠቃል። በአማካይ ሁለት ጎል ያገባል። ስለዚህ ከመቶ ጥቃት 99.29 የሚሆነው ከንቱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ቁጥር ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ ሪፕ ግን ተስፋ አየበት። ከ280ው ጥቃት አንዲት ብቻ ተጨማሪ ብትሳካ ቡድኑ በሁለት ፈንታ ሦስት ጎል ያገባል። በሊግ ላይ በየጨዋታው አንድ ጎል መጨመር ማለት ደግሞ ወራጅን ሻምፒዮን ማድረግ ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ያቺን አንዷን ከየት ማምጣት ይቻላል የሚለው ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሪፕ መቁጠሩን አላቆመም። የራሱን አጭር ጽሕፈት ፈጠረ። እያንዳንዷ ኳስ ከየት ተነሣች፣ የት አረፈች፣ በምድር ሄደች ወይስ በአየር፣ መጨረሻዋ ምን ሆነ፤ ሁሉም በምልክት ይጻፋል። በማታ ጨዋታ መብራቱ ለደብተሩ ስለማይበቃው ማዕድን ቆፋሪዎች የሚያደርጉትን ባለ መብራት ቆብ ራሱ ላይ ደፍቶ ተመልካች መሐል ይቀመጥ ነበር ይባላል። በ1958 ስቶክሆልም ላይ ብራዚል ስዊድንን 5 ለ 2 ያሸነፈችበትን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የዘረዘረው ደግሞ 15 ሜትር ገደማ በሚረዝም የግድግዳ ወረቀት ጥቅል ላይ እንደሆነ ይተረካል። የ17 ዓመቱ ፔሌ ሁለት ጎል ያገባበት ጨዋታ ነው። ዓለም ፔሌን ሲያይ ሰውየው ወረቀቱን ያይ ነበር። በሕይወት ዘመኑ ከ2,000 በላይ ጨዋታ በዚህ ዓይነት መዝግቧል።

ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1951 የመውረድ አደጋ ላይ የነበረው ብሬንትፎርድ አማካሪ አደረገው፤ ጎሉ በዛ፣ ቡድኑም ከመውረድ ተረፈ። ቀጥሎ አየር ኃይሉ ወደ ብሪጅኖርዝ ሲያዛውረው ከዎልቨርሃምፕተኑ አሠልጣኝ ከስታን ካሊስ ጋር ተገናኘ። ካሊስ ቀድሞውንም ኳስ ወደ ፊት ቶሎ መሄድ አለባት የሚል ሰው ነበር፤ ሪፕ ለእምነቱ ቁጥር አመጣለት። ዎልቭስ በ1954 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ጨዋታ ማውራት አለብኝ። በ1953 የሃንጋሪ ብሔራዊ ቡድን ለንደን ዌምብሌ ላይ እንግሊዝን 6 ለ 3 አዋርዶ ሄዶ ነበር። በዲሴምበር 1954 የእነ ፑሽካሽና የእነ ኮችሽ ክለብ ሆንቬድ ዎልቭስን ሊገጥም መጣ። ከዕረፍት በፊት ሃንጋሪዎቹ በሚያምር ቅብብል 2 ለ 0 መሩ። ካሊስ ግን ጠዋት ላይ ሜዳው ውኃ እንዲጠጣ አድርጎ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ የሆንቬድ አጫጭር ኳሶች በጭቃው ተያዙ፤ የዎልቭስ ረጃጅም ኳሶች ደግሞ በጭቃው ላይ በአየር አለፉ። ጨዋታው 3 ለ 2 በዎልቭስ አሸናፊነት አለቀ። የእንግሊዝ ጋዜጦች ዎልቭስን የዓለም ሻምፒዮን ብለው ጻፉ። ያ ጉራ ያናደደው ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ገብርኤል ሃኖ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ይጀመር ብሎ ተነሣ፤ የዛሬው ሻምፒዮንስ ሊግ የመጣው ከዚያ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ማርቆስ ሜዳ ላይ የተጫወተ ሰው ለዚህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጮቄ ዝናብ ሲወርድ አጭር ኳስ ጭቃ ውስጥ ትቀበራለች፤ እግር ኳስ መጫወት ሳይሆን ድንች መንቀል ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚጠልዝ ያሸንፋል። አሠልጣኛችን በክረምት ልክ ነበሩ። ችግሩ ኅዳርና ታኅሣሥም ላይ ያው ትእዛዝ መሆኑ ነው።

ሪፕ በ1955 በዊንግ ኮማንደርነት ማዕርግ ከአየር ኃይል ጡረታ ወጣና ሼፊልድ ዌንስዴይ በዓመት 750 ፓውንድ ቀጠረው። ክለቡ በዚያው የውድድር ዘመን ከሁለተኛ ዲቪዚዮን አንደኛ ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ፤ በ1958 ክለቡ ተመልሶ ወረደ፣ ሪፕም ከክለቡ ተለያየ። ውጤት ሲመጣ የቆጠራ ብልሃት ይባላል፤ ውጤት ሲጠፋ ቆጣሪው ይባረራል።

ታላቁ ሥራው የወጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1968 በርናርድ ቤንጃሚን ከተባለ የታወቀ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ሆኖ በእንግሊዝ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ጥናት አሳተመ። ከ1953 ጀምሮ የተመዘገቡ 578 ጨዋታዎችን የያዘ ጥናት ነው። የጥናቱን ሦስት ግኝቶች ልጥቀስ፤ ኋላ የምንከራከረው በእነርሱ ላይ ነው። አንደኛው፣ አንድ ጎል ለማግባት በአማካይ አሥር ያህል ሙከራ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ከጎሎቹ 80 በመቶ ያህሉ የተገኙት ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ቅብብል ካላቸው ጥቃቶች ነው። ሦስተኛው፣ ተጋጣሚ ጎል አጠገብ የተነጠቀች ኳስ ከሩቅ ከመጣች ኳስ ይልቅ ለጎል ትቀርባለች። ሪፕ ከእነዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ አጭር ነው። ቅብብል ማብዛት ጊዜ ማባከን ነው፤ ኳሷ ቶሎ ወደ ተጋጣሚው ሳጥን አካባቢ ትላክ፣ ብትጠፋም እዚያው ትነጠቅ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡ እንደገና ነፍስ ዘራ። ግራሃም ቴይለር ዋትፎርድን ከአራተኛ ዲቪዚዮን አንሥቶ አንደኛ ዲቪዚዮን አደረሰው፤ በ1983 ደግሞ ከሊቨርፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። ቴይለር ከሪፕ ጋር ይመካከር ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የሥልጠና ኃላፊ ቻርልስ ሂዩዝም ተመሳሳይ ትምህርት በመጽሐፍና በቪዲዮ አሠራጨ፤ የእርሱ ቆጠራ 109 ጨዋታና 202 ጎል ነበር። በ1988 ዊምብልደን ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ.ኤ. ዋንጫን ሲወስድ ጠላዦች የዓለሙ ጌቶች መሰሉ። ከእንግሊዝ የሚመጣው የሥልጠና መጽሐፍ በየአገሩ ይደርሳል፤ የእኛም አሠልጣኝ ትእዛዝ ከዚያ ወንዝ የተቀዳ ይመስለኛል። ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ስለዚህ በግምት ይያዝልኝ።

ሪፕን ከሁሉ አብልጦ ያከበረው ግን እንግሊዛዊ አልነበረም። ኖርዌያዊው ኤጊል ኦልሰን የአገሩን ብሔራዊ ቡድን በ1990 ተረከበ። በተጫዋችነት ዘመኑ አታላይ ስለነበር ድሪሎ የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ነው፤ አሠልጣኝ ሲሆን ግን ማታለልን ለተጋጣሚ ትቶ ወደ ቁጥር ገባ። ሪፕን በ1993 አገኘውና ወዳጅ ሆኑ። የኦልሰን ዘዴ ዝም ብሎ መጠለዝ አልነበረም፤ አስቦ መጠለዝ ነበር። 1.90 ሜትር የሚያልፈውን ዮስታይን ፍሎን ከመሐል አጥቂነት አንሥቶ ቀኝ ክንፍ ላይ አቆመው። ምክንያቱም መሐል ተከላካዮች ረጃጅም ናቸው፣ የግራ ተመላላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ከግራ ኋላ በሰያፍ የተላከች ረጅም ኳስ የፍሎ ግንባር ላይ ታርፋለች፤ እርሱ ወደ መሐል ይገጫታል፤ ሌሎቹ ሮጠው ይደርሱባታል። ረጅም ኳስ ማለት ኳስ መጣል አይደለም፤ የተመረጠ ሰው ዘንድ፣ የተመረጠ ቦታ ላይ ማድረስ ነው። እኔ ይህን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተነገረኝም። ባሕር ዛፉ ውስጥ ማን ቆሞ ይገጭልኛል?

ኖርዌይ በጁን 1993 ኦስሎ ላይ እንግሊዝን 2 ለ 0 አሸነፈች። የእንግሊዝ አሠልጣኝ ያው የዋትፎርዱ ግራሃም ቴይለር ነበር። የሪፕ አንዱ ወዳጅ ሌላውን ወዳጁን ጣለው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ትንሿ ኖርዌይ በፊፋ ደረጃ ሁለተኛ ሆነች፤ በ1994 ደግሞ ከ1938 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ገባች። በ1998 ማርሴይ ላይ ብራዚልን 2 ለ 1 ስትረታ ሪፕ 93 ዓመቱ ነበር። ኦልሰን በ1999 የዊምብልደን አሠልጣኝ ሲሆን ሪፕ በ95 ዓመቱ ላግዝህ ብሎ ተነሣ። ኦልሰን ሜዳ ዳር በጎማ ቦቲ ጫማ የሚቆም ሰው ስለነበር ለደብረ ማርቆስ ክረምት ይሆን ነበር፤ ለእንግሊዝ ግን አልሆነም። ክለቡ በ2000 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ቻርልስ ሪፕ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2002 በ97 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሪፕ የሒሳብ ሰው ነው፤ ስሕተቱም የሒሳብ ስሕተት ነው። ለዚህ ነው ታሪኩ የሚያሳዝነኝ።

ከጎሎቹ 80 በመቶ የሚሆኑት ሦስትና ከዚያ በታች ቅብብል ካላቸው ጥቃቶች መጡ ብሏል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ። ከጠቅላላው የኳስ እንቅስቃሴ 91.5 በመቶው ሦስትና ከዚያ በታች ቅብብል ያለው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከጎዛምን ገጠር ወደ ማርቆስ ገበያ መቶ ሰው እህል ይዞ መጣ እንበል። 92ቱ በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ 8ቱ በአህያ ጭነዋል። ገበያ የገባው እህል በጠቅላላ መቶ ቁና ነው፤ 80ውን ባለ ትከሻዎቹ፣ 20ውን ባለ አህያዎቹ አመጡት። ሪፕ ይህን አይቶ 80 ከ20 ስለሚበልጥ እህል በትከሻ ይሻላል አለ። ነገር ግን ባለ ትከሻው አንዱ በአማካይ አንድ ቁና እንኳ አላደረሰም፤ ባለ አህያው አንዱ ሁለት ቁና ተኩል አድርሷል። አጭሩ እንቅስቃሴ ብዙ ጎል ያስገኘው ስለሚሻል ሳይሆን ስለሚበዛ ነው። በራሱ ቁጥር ሲሰላ፣ ከሦስት በላይ ቅብብል ያለው ጥቃት ጎል የማስገኘት ዕድሉ ከሁለት ጊዜ ተኩል በላይ የሚበልጥ ነው።

ይህን ሌሎችም አይተውታል። በ2005 ሂዩዝና ፍራንክስ የተባሉ ተመራማሪዎች (ይህኛው ሂዩዝ ሌላ ነው) የ1990ንና የ1994ን ዓለም ዋንጫዎች መርምረው፣ ለጠንካራ ቡድኖች ረዘም ያለ ቅብብል በየእንቅስቃሴው ብዙ ጎል እንደሚያስገኝ አሳዩ። እርግጥ ይህም ሌላ ወጥመድ አለው። ብዙ የሚቀባበለው ብዙውን ጊዜ የተሻለው ቡድን ነው፤ ደካማ ቡድን ቅብብል ስላበዛ ጠንካራ አይሆንም። በሌላ በኩል የሪፕ ሦስተኛ ግኝት፣ ኳስን ተጋጣሚ ጎል አጠገብ መንጠቅ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ቡድኖች ሁሉ የሚኖሩበት ሆኗል። ቅብብል አፍቃሪዎቹ ራሳቸው ኳስ ሲነጠቁ እዚያው ፊት ለፊት ተሻምተው የሚመልሱት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ስቷል የሚሉትን አልደግፍም። የቆጠረው ልክ ነበር፤ ያካፈለው ተሳሳተ።

ወደ እኛ አገር ስመጣ የምቀናው በዚህ ነው። እኛ ዘንድ የተሳሳተም ቆጠራ የለንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ሪፕ መቁጠር ከጀመረ 12 ዓመት ሊሞላው ነበር። ሁለት ጊዜ ተመርተን፣ ሁለት ጊዜ አቻ አድርገን፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በተጨማሪው ሰዓት ጨረሱት። ጎሎቹ ከስንት ቅብብል እንደመጡ የጻፈ ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ደቡብ አፍሪካ ላይ በአጭር ቅብብላችን ተወደስን። ዛምቢያን በጎደሎ ተጫዋች 1 ለ 1 ያዝን። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ ያውም በረኛቸው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ከአራቱ ሦስቱን በአሥር ሰው ሆነው አገቡብን። በናይጄሪያም 2 ለ 0 ተረትተን ተመለስን። ያን ሰሞን ማርቆስ ሻይ ቤቶች ውስጥ ግማሹ ሰው ቅብብል ጨረሰን፣ ግማሹ ደግሞ ቅብብል ባይኖር ከዚያም አንደርስም እያለ ሲፋለም ሰንብቷል። አንድም ሰው ቁጥር አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም፤ ጮኼ ግን ተከራክሬያለሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈሬን ልጆች አሠለጥናለሁ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 14 ነው። ከመካከላቸው አንድ አጭር አማካይ አለ፤ ያንን የድሮ ጓደኛዬን ያስታውሰኛል። ባለፈው መስከረም ሜዳው ገና ጭቃ ሳለ ከእኛ በአካል የሚተልቁ ልጆች ያሉት ቡድን ገጠመን። ደብተርና እርሳስ ይዤ ሜዳ ዳር ቆምኩ፤ እንደ ሪፕ የእያንዳንዷን ኳስ መነሻና መድረሻ ልጽፍ። ከዕረፍት በፊት ያለውን እንደምንም ጻፍኩ። ከዕረፍት በኋላ ዝናብ መጣ፤ ቀለሙ ተጠራርጎ ገጹ ሰማያዊ ውኃ ሆነ። ሪፕ ለካ በእርሳስ የጻፈው ወዶ አይደለም፤ እኔ እርሳሱን ረስቼ በእስክሪብቶ ነበር የጻፍኩት።

ጭቃው ሲብስ ተከላካዮቼ ኳሷን እያነሡ እንዲመቱ ፈቀድኩ፤ ነገር ግን ወደ ባሕር ዛፉ ሳይሆን በቀኝ መስመር ወደ ቆመው ረጅም ልጅ። አጭሩ አማካይ ደግሞ ረጅሙ ልጅ ገጭቶ የሚያወርዳት ኳስ የምታርፍበት ቦታ ላይ ቀድሞ እንዲቆም ነገርኩት። አንድ ጊዜ በትክክል ሆነ፤ ኳሷ በጭንቅላት ወረደች፣ ትንሹ ልጅ ደረሰባት፣ ሳጥን ውስጥ መታትና የግቡ ብረት መለሰችው። ሌሎቹ ሁሉ አልሆኑም። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ማታ ደብተሩን ምድጃ ዳር አደረቅሁት፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ገጾች ይነበባሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እርሳስ ይዤ ሄድኩ።